በጠመኔ የተከበበ ሽፍታ

ማክሰኞ ነበረ፤ የስምንተኛ ክፍል ሴቶች ተሰልፈው፣
የደንብ ልብሳቸውን እጅጌ እስከ ትከሻ ሰብስበው፣
የእኔዋም ነዒማ ከመሃል ነበረች።
«እንደ ጉንዳን ናት፣ አባ፣ ቆንጥጣኝ ሄደች»
አለችኝ፣ ሂርማታ ከሱቄ ደርሳ፣
ከጨርቁ ክምር ላይ ቦርሳዋን ተንተርሳ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ መርፌ አያስፈራኝም፤
ጣቴን ስንቴ ወግቶኝ ስፌት አላቆምኩም።

ማታ ግን፣ ዝናቡ ቆርቆሮ ሲደልቅ፣
ጥፍሯ ሥራ ያዘ፤ ሲያክ፣ ሲፍቅ፣ ሲፍቅ።
መብራት ጠፍቶ ነበር፤ በስልኬ ጭላንጭል ክንዷን ገልጬ አየሁ፤
እስከ አንገቷ ድረስ ቀይ እብጠት ቆጠርሁ፣
አንዱ የሸሚዝ ቁልፍ፣ አንዱ የካፖርት፣
ጠርዝ ለጠርዝ ገጥመው ሲሰፉ በፍጥነት።

ሽፍታ።
በልጅነቴ ይህ ቃል ጫካ ነበረው፣
ጎፈሬና ጥይት፤
አባቴ ከጅሬን ማዶ እያመለከተ
ያስተኛን ነበረ በፍርሃት።
አሁን በልጄ ቆዳ ላይ ሸፈተ።

ግድግዳችን አንድ ነው፤ ደሚቱ ሰማች፣
ሳትጠራ መጣች።
«ብዬ ነበር!» አለች፤ ምን እንዳለች ግን አላስታወሰች።
«ጤነኛ ልጅ ይዞ ማን ያስወጋል?» አለች፤
«ዳማከሴ ልሽላት» ብላ ደጅ ወጣች።
እኔም፣ አልዋሽም፣ የምረግመው ሰው ፈለግሁ፤
የፈቃዱ ወረቀት ላይ ያለው ፊርማ የራሴ ሆነና ዝም አልሁ።

ለሚፍታ ደወልኩ፤ ባጃጁን ይዞ መጣ፤
ከጭቃው ስንገባ፣ ከጭቃው ስንወጣ፣
«ትተነፍሻለሽ?» «እተነፍሳለሁ።»
አዌቱን ሳንሻገር ደግሜ እጠይቃለሁ።
ድልድዩ መሃል ላይ ክንዴን ያዘችና፦
«አባ፣ አንተም ተንፍስ እንጂ!»

የተረኛዋ ነርስ ስም ደረቷ ላይ ተጽፏል፤ ሲስተር ወጋየሁ።
ስትወጋ ለምትውል ሴት ይህን ስም ማን አወጣው ብዬ
በዚያ ጭንቀት መሃል ሳቄን አፈንሁ።

እሷ ግን ጠየቀች፦ «ከንፈርሽ አብጧል? ጉሮሮሽ ጠበበ?
አዞረሽ? አስመለሰሽ?»
ሰዓቷን እያየች የልጄን ትንፋሽ ቆጠረች፤
እኔ ደግሞ የእሷን ፊት ቆጠርሁ።
«ሰውነቷ ተቆጥቷል» አለች።
ለካ ሰውነትም እንደ ሰው ይቆጣል፤
እንግዳ ሲገባ፣ አንዱ ግቢ ይተኛል፣
አንዱ ውሻውን ይፈታል።

«ከክትባቱ ነው?» አልኳት።
እንደ ደሚቱ «አዎ» አላለችም፤ «በፍጹም» ብላም አልዘጋችብኝ።
«ሊሆን ይችላል። ዛሬ ምን በላሽ?»
«ሐሊማ የሰጠችኝን ለውዝ።»
«እሱም ሊሆን ይችላል» ብላ ሁለቱንም ጻፈች።
ሊሆን ይችላል!
እኔ በሴንቲሜትር የምኖር ሰው፣
ይህን ቃል በምን ልለካው?

ማሳከኩን የሚያበርድ ኪኒን ሰጠቻት፤
አግዳሚው ላይ አስቀምጣ ብዙ ጠበቀቻት።
«ዳር ዳሩን አስምርበት» አለችኝ ስንወጣ፤
«መስመሩን ካለፈ፣ ፊቷ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠራት
ንጋት አትጠብቅ፣ ሮጠህ ይዘሃት ና።»

እስክሪብቶ የለኝም። ኪሴ ውስጥ ያለው
የሱሪ እግር የማሰምርበት ሰማያዊ ጠመኔ ነው።
የልጄን ክንድ እንደ ውድ ጨርቅ ዘረጋሁ፤
ሳላሳምም ከበብሁ።
ከዚያ በሻማ ፊት ተቀመጥሁ፣
ሽፍታ የሚጠብቅ ዘብ፣ መሣሪያው ጠመኔ።

አዛን ሲል እጅጌዋን ገለጥሁ።
መስመሩ አለ፣ ሽፍታው የለም፤
ሰማያዊ አጥር፣ ባዶ ግቢ።
በሌሊት እጁን ሰጥቷል።

ካርዷን መሳቢያዬ ውስጥ፣ ከመቀሱ ጎን አኖርሁት፦
«ከክትባት በኋላ ሽፍታ። መንስኤው አልተለየም።
በሚቀጥለው አስቀድማ ትናገር፤ ተቀምጣ ትጠበቅ።»
ነዒማ ክንዷን ሳትታጠብ ትምህርት ቤት ሄደች፤
ለሐሊማ ካርታዋን ልታሳይ ቸኮለች።

ደሚቱ ዳማከሴዋን ይዛ ከደጅ ቆማለች፦
«መርፌው ነው አይደል?»
«ሊሆን ይችላል» አልኳት፤
ቃሉ አፌ ውስጥ ገና አልለመደም።